ልብስና ምስክር

በጋይንት ምድር የምትገኘው ቤተ ልሔም በሊቃውንት ዘንድ የምትታወቀው በድጓ ምስክርነቷ ነው። ድጓን በልዩ ልዩ አድባራት ሲማር የቈየ ደቀ መዝሙር፣ ወንበር ተክሎ ሊያስተምር ቢወድ፣ ወደዚያች ደብር ወጥቶ ያስመሰክራል። የቤተ ልሔም ዜማም ከቆማ፣ ከአጫብርና ከተጉለት ዜማ ተለይቶ በስሙ የሚጠራ፣ በብዙ አድባራትም የሚዜም ነው። ማስመስከር ምን እንደ ሆነ የማያውቅ አንባቢ ቢኖር በአጭሩ እንንገረው። ተማሪው በመምህሩ ፊት የተማረውን ያዜማል፤ መምህሩም ያዳምጣል። ተማሪው ይዘቱን በሂደት፣ ድፋቱን በቅናት የለወጠ እንደ ሆነ ይታረማል። ድምፁ ያማረ መሆኑ ብቻውን አያድነውም። ጓደኞቹ ቢያደንቁት፣ የመንደሩም ሰው በሙሉ ቢያመሰግነው ምስክር አይሆነውም። ምስክርነቱን የሚሰጠው ዕውቀቱ ያለው፣ ራሱም አስቀድሞ ያስመሰከረ መምህር ብቻ ነው።

ይህን ያነሣነው ስለ ልብስ ልንጽፍ አስበን ነው። ነገሩ የተራራቀ ቢመስልም አንባቢ ጥቂት ይታገሠን። በዘመናችን ያለ ወጣት፣ አንዳንድ ጊዜም ያለ ጎልማሳ፣ ማለዳ ተነሥቶ ልብሱን ሲመርጥ በልቡ የአንድ ምስክር ቃል ይሻል። ያ ምስክር አባቱ አይደለም፤ እናቱም፣ የንስሐ አባቱም፣ የሰፈሩ ሽማግሌም አይደለም። ፊቱን ያላየው፣ ስሙንም የማያውቀው፣ በስልክ መስተዋት ውስጥ የሚያልፍ ብዙ ሰው ነው። ያ ብዙ ሰው ወድጄዋለሁ ሲል አንዲት የልብ ሥዕል ይነካል፤ ካልወደደው ደግሞ ዝም ብሎ ያልፋል። ወጣቱ በልቡ ሥዕሎች ቍጥር ይመሰከርለታል፤ በዝምታውም ይፈረድበታል። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ማኅበራዊ መገናኛ የሚባለው መሣሪያ የሰውን አለባበስ እንዴት እንደሚቀርጸው፣ ይህም ለክርስቲያን ለምን ቀላል ነገር እንዳይደለ ነው።

አስቀድመን ልብስ በአገራችን ምን እንደ ነበረ እናስታውስ። ልብስ ገላን ይሸፍናል፣ ከብርድም ያድናል፤ ነገር ግን በእኛ ዘንድ ደግሞ ይናገራል። ነጠላን ብቻ ብንወስድ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው በመስቀለኛ አጣፍቶ ይለብሰዋል። በታላቅ ሰው ፊት የሚቆም ወይም ማኅበር የሚያስተናግድ ሰው ያደገድገዋል። ኀዘን የደረሰበት ሰው ጥለቱን ወደ ላይ ያደርገዋል፤ ያየው ሁሉ ሳይጠይቅ እግዚአብሔር ያጽናህ ይለዋል። ጨርቁ ያው አንድ ነው፤ የሚለየው ለባሹ በዚያ ቀን በእግዚአብሔርና በሰው ፊት የቆመበት ቦታ ነው። ጨርቁስ ከወዴት መጣ? እናት ጥጡን በመዳመጫ ዳምጣ፣ በደጋን ነድፋ፣ በእንዝርት ፈትላ፣ ድርና ማጉን ለይታ ለሸማኔ ትሰጥ ነበር። አንዲት ኩታ የብዙ ወራት የማታ ሥራ ነበረች። ስለዚህ ልጁ ኩታውን ሲለብስ እናቱን ለብሶ ይወጣ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም።

የአብነት ተማሪው ደበሎም እንዲሁ ነው። ከበግ ቆዳ የተሠራችው ይህች ልብስ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ደጋ ብርድ ላይ መልካም መከታ ናት፤ ሌሊትም ምንጣፍና መጐናጸፊያ ትሆናለች። ከዚህም በላይ ተማሪው አኮፋዳውን አንግቶ በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ በደጅ ሲቆም፣ ደበሎውን ያየች ባልቴት ይህ ልጅ ማን እንደ ሆነ፣ ስለ ምንም እንደሚለምን አትጠይቀውም። ቍራሿን ትሰጠዋለች። ደበሎው ምስክሩ ነው፤ ያቺ ባልቴት ግን ልብሱን አይታ የምትሰጠው ደበሎው ስላማረ አይደለም። በዚህ አለባበስ ውበት አልተጠየቀም፤ የተጠየቀው እውነት ነው።

አሁን ከዚህ ተነሥተን ያለፈው ዘመን ሁሉ ንጹሕ ነበረ የምንል አይምሰላችሁ። የልብስ ፉክክር ከጥንት የነበረ ነገር ነው። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ በአንጾኪያ ሳለ የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጕም፣ ጫማቸውን በሐር ክር ያስጌጡትን ወጣቶች ገሥጿቸዋል። ጭቃ እንዳይነካባቸው በየገበያው በእግራቸው ጫፍ ሲራመዱ አይቶ፣ ጫማው እንዲህ የሚያሳዝናችሁ ከሆነስ ከአንገታችሁ ለምን አታንጠለጥሉትም በሚል ዐሳብ ዘለፋቸው። ይህ ከ1,600 ዓመት በላይ የሆነው ተግሣጽ ለዛሬ የተነገረ ይመስላል። ዐይናቸውን ወደ ሰማይ ማንሣት ሲገባቸው ወደ ጫማቸው ማቀርቀራቸው ነበረ ያሳዘነው።

በአገራችንም በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በራስ መኰንን አዳራሽ የፋሽን ትርዒት ሊታይ ተዘጋጅቶ፣ ተማሪዎች ይህ የባዕድ ባህል መጫኛ ነው ብለው ተቃውመው ረብሻ ተነሥቶ ነበር። በዚያ ረብሻ የእንቍላል ውርወራም ነበረ፤ ወደ ትርዒቱ የመጡ እንግዶችም ተጐሳቍለዋል። የተቃውሞው መንገድ ልክ ነበር አንልም፤ ይልቁንም በልብስ ጕዳይ ሲቈጡ ቍጣው ፈጥኖ በሴቶች ላይ መውረዱ ያን ጊዜም የታየ ክፉ ልማድ ነው። ጥቂት ዓመታት ቈይቶም ቤልቦተም ሱሪና የተከመረ ጠጕር በየከተማው የወጣቱ መለያ ሆነ። ነገር ግን ልናስተውለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። በ1960ው ትርዒት መድረኩ አንድ አዳራሽ ነበረ፤ ተመልካቹም በአዳራሹ ልክ ነበረ፤ ትርዒቱን ያልወደደ ሰው ወደዚያ ባለመሄድ ይድን ነበር። የጋይንት ገበሬ ልጅ ስለዚያ ትርዒት ምንም ሳይሰማ ወደ እርሻው ይሄድ ነበር። ወደ ገጠር የሚደርሰው ሰልባጁ ሲሆን፣ እርሱም በገበያ ቀን በክምር ይሸጥ ነበር እንጂ ልበሰኝ ብሎ ሌሊት አይቀሰቅስም ነበር።

የዛሬው መድረክ በእያንዳንዱ መዳፍ ውስጥ ነው። ፌስቡክ ላይክ የሚባለውን ምልክት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው፤ በዓመቱ በ2010 ኢንስታግራም ተከተለ፤ ቲክቶክም ከቻይና ውጭ ላለው ዓለም በ2017 ወጣ። እነዚህ መሣሪያዎች ከቀድሞው ጋዜጣና ሲኒማ የሚለዩበት ነገር ሥዕል ማሳየታቸው አይደለም። ጋዜጣው ያምራል ያለውን ለሁሉም አንድ አድርጎ ያሳይ ነበር፤ ተመልካቹንም መልሶ አይመለከተውም ነበር። ይህ መሣሪያ ግን ተመልካቹን ይመለከታል። አንዲት ልጃገረድ በአንድ ቀሚስ ሥዕል ላይ ዐይኗን ከሌላው ይልቅ ጥቂት ብታዘገይ፣ መሣሪያው ያችን መዘግየት ቈጥሮ ነገ ያንኑ የመሰለ ዐሥር ቀሚስ ያመጣላታል። በሳምንቱ ዓለም በሙሉ ያን ቀሚስ የለበሰ ይመስላታል። እርሷ የምታየው ግን ዓለሙን ሳይሆን የገዛ ዐይኗን ጥላ ነው።

ሌላው ኀይሉ ማመሳሰል ነው። የአሜሪካው የሥነ ልቡና ሊቅ ሊዮን ፌስቲንገር እ.ኤ.አ. በ1954 ባወጣው ጥናት ሰው የራሱን መጠን ሌላ መለኪያ ሲያጣ ራሱን ከሌሎች ሰዎች ጋራ፣ ይልቁንም እርሱን ከሚመስሉት ጋራ በማስተያየት ይለካል ብሎ ነበር። በቀድሞው ዘመን እነዚያ መሳዮች የሰፈር እኩዮች ነበሩ። የእነርሱን ድካምም ደስታም እናውቅ ነበር፤ በዓል ሲሆን ያጌጠችው ልጅ በማግስቱ እንስራ ተሸክማ ወደ ምንጭ ስትወርድ እናያት ነበር። ዛሬ ግን የነፋስ መውጫ ልጅ ራሷን የምታስተያየው በአዲስ አበባ፣ በዱባይና በዋሽንግተን ካሉት እኩዮቿ ጋራ ነው፤ ያውም ከማግስቱ ሳይሆን ከበዓላቸው ቀን ጋራ። ኢንስታግራምን የያዘው ኩባንያ ራሱ ያስጠናው፣ በመስከረም 2014 ዓ.ም. ገደማ ወደ ውጭ የወጣው የውስጥ ሰነድ እንደሚያመለክተው፣ ስለ ገላቸው ከሚጨነቁ ልጃገረዶች ከሦስቱ አንዷ ያህል ይህ መሣሪያ ጭንቀቷን እንዳባሰባት ተናግራለች። ይህን ያለው የመሣሪያው ጠላት ሳይሆን የመሣሪያው ባለቤት ነው።

በገጠር ኔትወርክ ስለማይገኝ ይህ ነገር አይነካንም የሚል አባት ይኖር ይሆናል። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ጊዜ ተቋርጦ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ቢሆንም ሥዕል መንገድ አያጣም። ከከተማ የመጣ አንድ ተማሪ በስልኩ የያዘውን በብሉቱዝ ለጓደኛው ያስተላልፋል፤ ጓደኛውም ለሌላው። ከዐረብ አገር የተመለሰች እኅትም የምታሳየው አላት። ግፊቱ ከስልኩ ብቻ የሚመጣ ሳይሆን፣ ስልኩን ካዩት ሰዎች ዐይን ጭምር የሚመጣ ስለ ሆነ፣ ስልክ የሌለውም ሰው አያመልጠውም።

እንግዲህ ይህ ግፊት በእኛው በዓል ላይ እንዴት እንደሚሠራ እንይ፤ የጽሑፋችን ዋና ነገር እዚህ ላይ ነውና። የጥምቀት በዓላችን በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ከተመዘገበ ወዲህ የሚያየው ብዙ ሆኗል። ታቦታቱን ለማጀብ የሚወጣው ወጣት በየማኅበሩና በየሰፈሩ አንድ ዓይነት ልብስ ያሰፋል፤ ወይም ሥዕል የታተመበት ካናቴራ ያሠራል። ሐሳቡ በመነሻው መልካም ነበረ። ምንጣፍ የሚያነጥፉት፣ ሕዝቡን ሥርዓት የሚያስይዙት ልጆች እንዲታወቁ ነበረ። አሁን ግን በብዙ ቦታ ልብሱ በየዓመቱ መለወጥ አለበት። ያለፈው ዓመት ልብስ አልተቀደደም፣ አላረጀም፤ ነገር ግን በሥዕል ታይቷል። በማኅበራዊ መገናኛ ሕግ የታየ ልብስ ያረጀ ልብስ ነው። ይህ ከዚህ በፊት ያልነበረ የእርጅና ዓይነት ነው፤ ብል ሳይበላው፣ ፀሐይ ሳያነጣው በአንድ ቀን የሚያረጅ ልብስ አባቶቻችን አያውቁም ነበር።

መዋጮው ሲጠራ ደግሞ እንዲህ ይሆናል። ያለው ይከፍላል። የሌለውም ተበድሮ ይከፍላል፤ ወይም አባቱ በግ ይሸጣል። ሁለቱም ያልሆነለት ዝም ይላል። በበዓሉ ቀን ሁሉ አንድ ቀለም ለብሶ ሲወጣ፣ እርሱ ባለፈው ዓመት ልብስ ከመካከላቸው ሊቆም ስለሚያፍር በሩቅ ሆኖ ያያል፤ በሚቀጥለው ዓመት ከማኅበሩ ይቀራል። ለምን ቀረህ ብሎ የሚጠይቀው ቢኖር ሥራ በዛብኝ ይላል እንጂ እውነቱን አይናገርም። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ በሁለተኛው ምዕራፍ የወርቅ ቀለበት ያደረገውን በክብር ቦታ፣ ያደፈ የለበሰውን ድኻ በእግር መረገጫ የሚያስቀምጡትን ነቅፏል። በእኛ ማኅበር ድኻውን በእግር መረገጫ ቁጭ በል ያለው የለም፤ ግን መቀመጫው በልብስ ዋጋ ስለ ተለካ ራሱ ተነሥቶ ሄደ። ይህን የሚቈጥር የለም። የልቡን ሥዕል የሚቈጥረው መሣሪያ የቀረውን ሰው አይቈጥርም።

የሠርግ፣ የክርስትናና የምርቃት ነገርም ከዚህ አይለይም። በአዲስ አበባ አንድ የተዋበ የሀበሻ ቀሚስ በዐሥር ሺዎች የሚቈጠር ብር እንደሚጠየቅበት የማያውቅ የለም። ሕፃኑ በአርባ ወይም በሰማንያ ቀኑ ክርስትና ሲነሣ አባትና እናት፣ ክርስትና አባትና እናት፣ አያቶችም ሳይቀሩ በአንድ ጥለት ይለብሳሉ። አጥማቂው ካህን ጸሎቱን እያደረሰ ሳለ ሥዕል አንሺው ወዲህ ዙሩ ሲል ይሰማል። አንድነቱን አንነቅፍም፤ ያምራልም። ነገር ግን ልብሱ ስላልደረሰ የሕፃኑ ክርስትና ቀን ይለፍ የሚባልበት ቤት ካለ፣ በዚያ ቤት ጥምቀቱ ለልብሱ አገልጋይ ሆኗል ማለት ነው።

የነጠላው ቋንቋም በዚሁ መካከል እየጠፋ ነው። በሥዕል ውስጥ ጥለቱ መታየት ስላለበት፣ ጥለቱ ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች፣ ኀዘን ይሁን ደስታ፣ የሚወስነው የሥዕል አንሺው ዐይን ይሆናል። የሽፎን ጨርቅ ላይ የታተመ ጥለት ከሩቅ ሲያዩት የሸማኔ እጅ ያረፈበት ይመስላል። ቀርቦ የነካው ያውቃል፤ በስልክ የሚያየው ግን ቀርቦ አይነካም። ከዚህ የተነሣ ሸማኔው ብዙ ቀን ደክሞ የሠራው ሥራ በማተሚያ መኪና ከወጣው ጋራ በአንድ ዐይን ይታያል። ለዐይን ብቻ የተሠራ ልብስ የሚሸነፈው በሌላ ለዐይን በተሠራ ልብስ ነው፤ ለዚያውም በርካሹ።

ነገር ግን ሚዛኑን አጣሞ መያዝ አይገባንምና፣ ከዚሁ መሣሪያ የተገኘውን መልካም ነገር አንሸሽግም። የአገር ልብስ እንደ ኋላ ቀርነት ተቈጥሮ በሣጥን የተቀመጠበት ጊዜ ነበረ። ዛሬ ወጣቱ ነጭ ለብሶ ወደ ቤተ ክርስቲያን መሄድን እንደ ክብር ማየቱ በከፊል በእነዚህ ሥዕሎች ምክንያት ነው። በሽሮ ሜዳ ያሉ፣ ብዙዎቹ ከጋሞ ምድር የመጡ ሸማኔዎችና ጥልፍ ጠላፊዎች፣ በቴሌግራምና በቲክቶክ አማካይነት ከባሕር ማዶ ካሉ ወገኖቻችን ትእዛዝ ይቀበላሉ። የያሬድን ዜማ በስልክ የሚያስተምሩ መምህራንም አሉ። እንግዲህ ነቀፋችን በመሣሪያው ላይ አይደለም፤ የሰውን ልብ ምስክር አድርጎ በተሾመው በዚያ ቍጥር ላይ ነው። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል በስድስተኛው ምዕራፍ ምጽዋትን፣ ጸሎትንና ጾምን በሰው ፊት ለመታየት የሚያደርጉትን ሲናገር ዋጋቸውን ጨርሰው ተቀብለዋል ማለቱን እናስታውሳለን። ጾሙ ጾም ነበረ፤ ጸሎቱም ጸሎት ነበረ። የተበላሸው ምስክሩ ነው። መጻሕፍተ መነኰሳትም ውዳሴ ከንቱን ከሌላው ፈተና ሁሉ ስውር ነው ብለው የሚያስጠነቅቁት ለዚህ ነው። ሌላው ፈተና በኀጢአት በኩል ይመጣል፤ ይህ ግን በመልካሙ ሥራ በኩል ይገባል። ነጭ ልብስና ነጠላ መልካም ናቸው፤ ስለዚህም ውዳሴ ከንቱ በእነርሱ ውስጥ ቢገባ ማንም አያየውም።

አሁን ወደ ራሳችን ወደ ካህናት እንመለስ። የልብስ ወቀሳ ሲነሣ ሁልጊዜ በልጃገረዶች ቀሚስ ላይ መውረዱ ፍትሕ አይደለም። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል በሃያ ሦስተኛው ምዕራፍ ስለ ልብስ የተናገረው ስለ ሴቶች አይደለም። የልብሳቸውን ዘርፍ ስለሚያስረዝሙ፣ በሰው ዘንድም ሊታዩ ስለሚወዱ መምህራን ነው። በዘመናችን ይህ ዘርፍ የቱ ነው? ካባው በየበዓሉ በአዲስ ወርቅ ክር ሲጠለፍ፣ የሰባኪው ቀሚስና ጥምጣም ለሥዕል እንዲስማማ በቀለም ሲመረጥ፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠለው መስቀል ከዓመት ዓመት ሲገዝፍ፣ ዘርፉ እየረዘመ ነው። የመዝሙር ክፍሉ ለአንድ የዩቲዩብ ሥዕል ሁለትና ሦስት ጊዜ ልብስ ሲለውጥም እንዲሁ ነው።

በዚህ ላይ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የሚያስተምረን ትልቅ ነገር አለ። ልብሰ ተክህኖ የካህኑ ገንዘብ አይደለም። በዕቃ ቤት ይቀመጣል፤ ካህኑ ተራው ሲደርስ ይለብሰዋል፣ አገልግሎቱን ሲፈጽም አውልቆ ይመልሰዋል። ነገ ሌላው ወንድሙ ያንኑ ይለብሳል። ልብሱ ከሰውየው ይበልጣል፤ የሰውየውን ማንነት ሸፍኖ ክህነቱን ያሳያል። ጥንግ ድርቡም በማኅሌት መካከል እንዲሁ ያደርጋል፤ በወረብ ጊዜ አንዱ መሪጌታ ከሌላው አይለይም፤ የሚታየው መቋሚያውና የሚሰማው ጸናጽሉ ነው። ሥዕሉ ግን ሰውየውን ለብቻው ነጥሎ ያወጣዋል። ስሙ ከበታች ይጻፋል፤ ተከታዮቹ ይቈጠራሉ። ከዚያ በኋላ ያ ልብስ የቤተ ክርስቲያን ልብስ መሆኑ ይቀርና የእገሌ ልብስ ይባላል። ወጣቱ ዲያቆን ይህን አይቶ ያንኑ ካባ ይመኛል። ካባውን ለማግኘት ድጓ መማር እንደማያስፈልገው፣ ልብስ ሰፊ ዘንድ መሄድ እንደሚበቃው ያያልና፣ ለምን ሰባትና ስምንት ዓመት በጎጆ ይቀመጥ?

የምንፈራው ይህን ነው። ምስክር ሳይኖር የምስክሩ ልብስ በገበያ ሲገኝ፣ የምስክሩ ቤት ባዶ ይሆናል። የአብነት ተማሪው በአንድ ወገን ካባ የለበሰውን እኩያውን በስልክ ሲያየው፣ በሌላ ወገን ደግሞ የራሱ ደበሎ ለሌላ ነገር ሲውል ያያል። ለሰንበት ትምህርት ቤት ትርዒት ደበሎ የለበሰ የከተማ ልጅ ሲጨበጨብለት፣ በእውነት ደበሎ የለበሰው በከተማ መንገድ ሲያልፍ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ፈቃዱን የሚጠይቀው የለም፤ ሥዕሉም ለርኅራኄ መቀስቀሻ በየገጹ ይዞራል። ለእርሱ ትምህርት የሚሆን ርዳታ ከዚያ ተገኝቶ እንደ ሆነ መልካም ነው። ነገር ግን ያቺ ባልቴት ቍራሿን ስትሰጠው አላሳፈረችውም ነበር፤ ምክንያቱም ስለ ማን እንደሚለምን ታውቃለች። በገጽ ላይ ያየው ሰው የሚያውቀው ድህነቱን ብቻ ነው። ደበሎ የትሕትና ልብስ ከመሆን ወደ ድህነት ማስረጃነት ሲለወጥ ልጁ ያወልቀዋል፤ ደበሎውን ሲያወልቅም ትምህርቱን አብሮ የሚተው ብዙ ነው።

ስለ ቤተ ልሔም ቤተ ክርስቲያን ሕንጻም አንድ ነገር እናንሣ፤ ለያዝነው ነገር ይጠቅማልና። እ.ኤ.አ. በ1955 ቶማስ ፓከንሃም የሚባል ወጣት ተጓዥ ከእንግሊዝ አገር መጥቶ ወደ ቤተ ልሔም ወጥቶ ነበር። ከውጭ ያየው በአገሩ ሁሉ እንዳሉት የሣር ክዳን ያለው ክብ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ወደ ውስጥ ሲገባ ግን በክቡ ግድግዳ ተከብቦ የቆመ፣ አራት ማዕዘን ያለው ጥንታዊ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን አገኘ። በኋላም ይህን በመጽሐፉ ጽፎ ለውጭው ዓለም አስታወቀ። የደብሩ ካህናትና ተማሪዎች ግን ሕንጻውን ያውቁት ነበር፤ በየዕለቱ ያገለግሉበት ነበርና። ስንት መንገደኛ በአጠገቡ አልፎ ተራ የገጠር ደብር ነው ብሎት ይሆን? ደብሩ ስለዚያ ምንም አልጐደለበትም። በዚያው የሣር ክዳን ሥር ድጓው ሲዜም ነበረ።

እንግዲህ ምን እናድርግ ለሚለው፣ ታላቅ ትእዛዝ ለማውጣት ሥልጣኑም ዐሳቡም የለንም። በሌላ አገር መንግሥታት ሕግ ማውጣት ጀምረዋል፤ አውስትራሊያ ዕድሜያቸው ከ16 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች የማኅበራዊ መገናኛ መዝገብ እንዳይኖራቸው የሚከለክል ሕግ እ.ኤ.አ. በ2024 አውጥታ በታኅሣሥ 2018 ዓ.ም. ሥራ ላይ አውላለች። የሕጉን ፍሬ ጊዜ ያሳየናል። በእኛ እጅ ያለው ግን ቅርብና ትንሽ ነገር ነው። የንስሐ አባት ልጁን ምን ለበስህ ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ ለማን ብለህ ለበስህ ብሎ ቢጠይቀው፣ ልጁ ራሱ የማያውቀውን ነገር ያገኝ ይሆናል። ጥያቄው በቍጣ ሳይሆን በፍቅር ይሁን፤ ልጁ ሁልጊዜ የሚፈረድበት ዓለም ውስጥ ስለሚኖር ሌላ ፈራጅ አያስፈልገውም። እናትም የነጠላን አለባበስ ለልጇ ታስተምራት፤ የኀዘኑን፣ የማደግደጉን፣ የቤተ ክርስቲያኑን። ያን ቋንቋ ያወቀች ልጅ ልብሷን በሌላ መለኪያ መለካት ትችላለች።

የማኅበር ልብስ ነገር ደግሞ የሰበካ ጉባኤና የሰንበት ትምህርት ቤት ጕዳይ ነው። በየቤቱ ያለው ነጭ ነጠላ ለታቦት ማጀቢያ ይበቃል ተብሎ ቢወሰን፣ ምንጣፍ የሚያነጥፉትን ለመለየት አንድ የክንድ ጨርቅ ቢበቃ፣ መዋጮውም የሚቀር ከሆነ በደብሩ ላሉት የአብነት ተማሪዎች ስንቅና ልብስ ቢውል፣ ማንም ልጅ ልብስ አጥቶ ከበዓሉ አይቀርም። ውሳኔው ግን ጊዜውን መጠበቅ አለበት። ለጥምቀት የሚሆነው ልብስ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው በታኅሣሥ ነው፤ ጨርቁ ከተቈረጠ፣ ቀብዱም ከተከፈለ በኋላ በጥር የሚነገር ምክር ጠብ ብቻ ያመጣል። ስለዚህ ነገሩ በኅዳር፣ ከጽዮን ማርያም በዓል አስቀድሞ በጉባኤ ቢነሣ፣ ድሆቹ ልጆችም ሳይጠየቁ ዐሳባቸውን እንዲሰጡ ቢደረግ መልካም ነው።